እናቴ ስትረሳ ከሆዷ ጀመርኩ

ለእናቴ ስድስት ዓመት ሙሉ ኦሜፕራዞል ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ያዘዘላት ለአራት ሳምንት ነበር። አራቱ ሳምንት አለፈ፤ ጨጓራዋ ባቃጠላት ቁጥር «ያችን እንክብል አምጪልኝ» ትለኛለች፤ እኔም ከመደርደሪያው አንስቼ ማታ ይዤላት እገባለሁ። ደሴ ውስጥ በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ከቆምኩ 22 ዓመት ሆኖኛል። ማዘዣ ሳይዝ አንቲባዮቲክ የሚጠይቀኝን ደንበኛ ቆሜ የምገሥጽ ሴት፣ ለገዛ እናቴ ሲሆን ማዘዣ መጠየቅ ትዝ አላለኝም።

የዛሬ ሁለት ዓመት በዐቢይ ጾም አጋማሽ ሽሮው ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረች። በማግስቱ ሱፍ ልትገዛ ሰኞ ገበያ ወርዳ፣ ሁለት መቶ ብር ሰጥታ መልሷን ሳትቀበል ተመለሰች። እናቴ በአምስት ብር ሩብ ሰዓት የምትከራከር ሴት ናት። ከዚያ እኔን በሟች አክስቴ ስም ጠራችኝ። ማታ ማታ «እግሬን ጉንዳን ይሄድበታል» ትላለች፤ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች። ያን ጊዜ 74 ዓመቷ ነበር። የወሰድናት ክሊኒክ «እርጅና ነው» አለን። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ እንደዚያው ብዬ ነበር።

እርጅና አልነበረም፤ ቢያንስ ሁሉም እርጅና አልነበረም። እዚህ የምጽፈው የሚረሳ እናት ወይም አባት በቤቱ ላለው ሰው ነው፤ ከእናቴ ጋር በሄድኩበት ቅደም ተከተል። ቅደም ተከተሉን አደራ እላለሁ፤ ምክንያቱም ሰዎች ወደ እኔ የሚመጡት ከመጨረሻው ጀምረው ነው። ስልካቸውን አውጥተው «የሆድ ባክቴሪያ አንጎልን ያድሳል» የሚል ቪዲዮ ያሳዩኝና ካፕሱሉ ስንት እንደሆነ ይጠይቁኛል።

ሆድ ወደ ራስ የሚልከው

ሆድና አንጎል መገናኘታቸውን ለማመን ቪዲዮ አላስፈለገኝም፤ ላክቱሎዝ ሸጫለሁ። ላክቱሎዝ ጣፋጭ ሽሮፕ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው በድርቀት መድኃኒትነቱ ነው። ነገር ግን ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ሌሊቱን ከቀን ሲያምታታ፣ ሲዘባርቅ፣ እጁ ሲርገበገብ ሐኪም የሚያዝለትም እርሱኑ ነው። በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ፕሮቲን ሲያፈርሱ አሞኒያ ያወጣሉ። ጤነኛ ጉበት ያጣራዋል፤ የታመመው ሲያሳልፈው ግን ደም ይዞት አንጎል ይደርሳል። ላክቱሎዝን እኛ መፍጨት አንችልም፤ ባክቴሪያዎቹ ይበሉታል። ሲበሉት አንጀቱ ይኮመጥጣል፣ አሞኒያው እዚያው ይታሰርና ከሰገራ ጋር ይወጣል። ልጁን መለየት ያቃተው አባት ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን የልጁን ስም ሲጠራ አይቻለሁ። የአንጎል መድኃኒት አልተሰጠውም፤ የተነካው በአንጀቱ ያለው ባክቴሪያ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በሰውነት መከላከያ በኩል ነው። ጉንፋን ሲይዘን የሚጫጫነን፣ ምግብ የሚያስጠላን፣ ሰው ማየት የማንፈልገው በአብዛኛው ቫይረሱ ራሱ አድርጎን አይደለም። የመከላከያ ሴሎች ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኞችን ወደ አንጎል ልከው «ተኛ፣ አትብላ፣ ከሰው ራቅ» ስለሚሉት ነው። የዚህ ሠራዊት ትልቁ ሰፈር ደግሞ የአንጀት ግድግዳ ነው። እዚያ ሠራዊቱንና ባክቴሪያዎቹን የሚለያያቸው አንድ ረድፍ ሴልና የሚያዳልጥ ንፍጥ ብቻ ነው። አሰር ያለው ምግብ ስንበላ እኛ ያልፈጨነውን ባክቴሪያዎቹ አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሠራሉ፤ የዚያ ረድፍ ዋና ቀለብ እርሱ ነው። በእንስሳት ላይ እንደታየው፣ ቀለቡ ሲቋረጥ አጥሩ ይሳሳል፣ የባክቴሪያ ስባሪ ወደ ደም ያልፋል፣ ሠራዊቱ ይቆጣል።

አንጎልም የራሱ ዘበኞች አሉት፤ ማይክሮግሊያ ይባላሉ። በፈረንጆቹ 2015 ጀርመን ፍራይቡርግ ያሉ ተመራማሪዎች ምንም ባክቴሪያ ሳይነካቸው ያደጉ አይጦችን አንጎል ሲመረምሩ ዘበኞቹ ሳይበስሉ ቀርተው አገኟቸው። ቡቲሬትንና መሰሎቹን በመጠጥ ውሃቸው ሲጨምሩላቸው ግን ዘበኞቹ በአብዛኛው ተስተካከሉ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ይሁንና ከአንጀት እስከ አንጎል ዘበኛ የሚደርስ መንገድ መኖሩን አሳይቷል።

ሦስተኛው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ከክሮቹ 80 በመቶ ያህሉ መልእክት የሚወስዱት ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከሆድ ወደ ላይ ነው። ሴሮቶኒንን በተመለከተ ቪዲዮዎቹ የሚሉት በግማሽ እውነት ነው። አብዛኛው የሰውነታችን ሴሮቶኒን የሚሠራው በእርግጥ አንጀት ውስጥ ነው፤ ግን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም፤ አንጎል የራሱን ይሠራል። «ሆደ ባሻ፣ ሆደ ሰፊ የምንለው እኮ አባቶቻችን ቀድመው ስላወቁት ነው» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። አባባሉን እወደዋለሁ፤ ማስረጃ አድርጌ ግን አልሸጥም።

በመጀመሪያ ከረጢቱን ዘርግፉ

አንድ ነገር ከሁሉ ይቅደም። መርሳቱ ወይም መዘባረቁ የመጣው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ዝጉና ሐኪም ቤት ሂዱ። በሸመገለ ሰው ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ውሃ ማነስ ትኩሳት እንኳ ሳያሳይ አእምሮን ሊያናውጥ ይችላል። ኢንፌክሽን ሲሆን ያው ሳይቶካይን ነው፤ ያረጀ አንጎል መልእክቱን መቋቋም ያቅተዋል። አፍ የተጣመመ፣ እጅ የዛለ ከሆነማ ደቂቃም አይባክን።

ቀስ ብሎ የመጣ ከሆነ ግን በቤት ውስጥ ያለውን የመድኃኒት ከረጢት ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት። እኔ የእናቴን ስዘረግፍ አራት ዓይነት አገኘሁ፤ ሦስቱ በእኔ እጅ የገቡ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ለእግሯ ሕመም ማታ የምትውጠው አሚትሪፕቲሊን ነበር። ሐኪም አዞላት ነው፤ ለነርቭ ሕመም ይረዳል፤ በሽማግሌ ላይ ግን ያደርቃል፣ ያደናግራል። አንዳንድ የአለርጂና የእንቅልፍ መድኃኒቶችም ጠባያቸው እንደዚሁ ነው። የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱትን ሜትፎርሚን እንዳታቋርጡ፤ ግን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12 ቫይታሚንን እንደሚቀንስ ለሐኪማችሁ አስታውሱት። ስለ ኦሜፕራዞል አሁን እመጣለሁ።

ከረጢቱ ውስጥ ግማሽ የቀረ የአንቲባዮቲክ ማስቀመጫ ካለ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። «ሆዴን ሲቆርጠኝ አንድ ሁለት ሲፕሮ እወስዳለሁ» የሚለኝ ሰው በሳምንት አይጠፋም። የሲፕሮፍሎክሳሲን አንድ ዙር የአንጀት ባክቴሪያዎችን ቁጥርና ዓይነት በቀናት ውስጥ ያራቁታል፤ አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳሉ፣ አንዳንዶቹ ሳይመለሱ ይቀራሉ። አስፈላጊ ሲሆን ነፍስ ያድናል። «አንድ ሁለት» ግን በሽታውን ሳይገድል ጎረቤቱን ብቻ ገድሎ ይሄዳል።

ቢ12፦ የጾመኛና የጨጓራ ሕመምተኛ ጉዳይ

ይህ ቫይታሚን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ይገኛል። የምንፈልገው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ጉበት ደግሞ ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ይይዛል። ስለዚህ ጉድለቱ ሲመጣ ድምፅ የለውም። በምግብ ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይገባል፤ የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድ ነው፤ ኦሜፕራዞል የሚያደርቀው ያንኑ አሲድ ነው። ከተላቀቀ በኋላ ጨጓራ ራሱ የሚሠራው አጃቢ ፕሮቲን ይቀበለውና እስከ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ያደርሰዋል። በአንዳንድ ሰዎች የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ አጃቢውን የሚሠሩትን የጨጓራ ሴሎች ያጠቃል። እነርሱ የፈለጉትን ያህል ሥጋ ቢበሉ ቫይታሚኑ አይገባላቸውም።

በጣም የሚገርመኝ ነገር ባክቴሪያዎቻችን ራሳቸው ቢ12 መሥራታቸው ነው። ችግሩ የሚሠሩት በትልቁ አንጀት ነው፤ ቫይታሚኑ የሚመጠጠው ደግሞ ከዚያ በላይ፣ በትንሹ አንጀት ጫፍ ላይ። ከወፍጮው በታች እንደሚገባ ገባር ወንዝ ነው፤ ውሃው አለ፣ ድንጋዩን ግን አያዞርም።

እንግዲህ እናቴን አስቧት። ረቡዕንና ዓርብን ጨምሮ የዓመቱን ግማሽ ያህል ትጾማለች። በፍስክ ቀን የምትበላው ጥቂት ነው፤ ያችን ጥቂት የሚያላቅቀውን አሲድ ደግሞ እኔ በየማታው እንክብል አጥፍቼዋለሁ። ጾሙን ለመንቀፍ አይደለም። የጾም ማዕድ፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ስልጆው፣ ለአንጀት ባክቴሪያ ድግስ ነው፤ የሚጎድለው ይህ አንድ ቫይታሚን ነው። እርሾ የበላው እንጀራ ይተካዋል የሚል ወሬ እሰማለሁ፤ አትመኑት።

የሚታዩት ምልክቶች መርሳት፣ መነጫነጭ፣ የእግር መደንዘዝ ወይም ጉንዳን የሄደበት መምሰል፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ምላስ መላጥና ማቃጠል ናቸው። የደም ማነስ ላይኖር ይችላል። ሐኪሙን «የቢ12 መጠን ይታይልን» ብላችሁ በቃል ጠይቁ። ዋና ከተማ ያልሆነ ቦታ ላቦራቶሪው ናሙናውን ወደ ሌላ ስለሚልከው ውጤቱ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ታገሡ። አንድ ስሕተት እንዳትሠሩ፦ «ደም ይሆናታል» ብላችሁ ፎሊክ አሲድ ብቻ አትስጡ። ደሙ ይስተካከልና ነርቩ ከውስጥ መጎዳቱን ይቀጥላል።

የእናቴ ውጤት ከዝቅተኛው መስመር በታች ወረደ። አንድ ሺህ ማይክሮግራም በመርፌ፣ መጀመሪያ ቀን በቀን፣ ከዚያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ ታዘዘላት። ጾም ያስፈታ እንደሆነ የንስሐ አባቷን ጠየቀች። እርሳቸውም «በክንድ ያለፈ ነገር መቼ ጉሮሮ ነካ» አሏት፤ ነገሩ በዚያ አለቀ። በስድስተኛው ሳምንት ጨዉ ተስተካከለ። ጉንዳኑ ለመሄድ አምስት ወር ፈጀበት። የሁለቱን የልጅ ልጆቿን ስም አልፎ አልፎ አሁንም ታቀያይራለች፤ እርሱንስ እኔም አደርገዋለሁ።

ኦሜፕራዞሉን በአንድ ቀን አላቆምንም። በድንገት ሲቋረጥ አሲዱ በበቀል ይመለሳልና ሰው «ያለርሱ አልኖርም» ብሎ ይደመድማል። ሐኪሟ መጀመሪያ መጠኑን ግማሽ አደረገው፣ ከዚያ ቀን ዘሎ ቀን፣ ከዚያ ሲያስፈልጋት ብቻ። ጨጓራው ደምቶ የሚያውቅ፣ ወይም በየቀኑ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ግን ያለ ሐኪም አይንካው።

ጨጓራ ካነሣን ስለ ኤች ፓይሎሪም ልናገር፤ በዚህ ከተማ «ባክቴሪያው አለብህ» ያልተባለ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ይህ ባክቴሪያ ጨጓራን አቁስሎ ቢ12ንም ያሳጣል፤ ስለዚህ መታከም አለበት። ግን በደም የሚታየው ምርመራ የሚያሳየው የሰውነት መከላከያ ያስቀመጠውን አሻራ ነው፤ ባክቴሪያው ከጠፋ ከዓመታት በኋላም ላይጠፋ ይችላል። በዚህ ምክንያት ባክቴሪያውን ለማጥፋት አብረው የሚታዘዙትን ሦስት መድኃኒቶች አራት ጊዜ የዋጠ ሰው አውቃለሁ። በየዙሩ አንጀቱ ይመነጠራል። የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ጠይቁ። ከዚያ በፊት ኦሜፕራዞልን ለሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን ለአራት ሳምንት ሳትወስዱ ቆዩ፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ይላችኋል።

በነገራችን ላይ፣ ኮሶ ወደ አንጎል ይወጣል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁኝ፦ በጥሬ የበሬ ሥጋ የሚይዘን ትል አይወጣም። ወደ አንጎል የሚሄደው የአሳማ ሥጋ ትል ዕጭ ነው።

አሁን ወደ ማዕድ

እናቴ ጥርሷ ካለቀ ወዲህ ቁርሷም ራቷም ዳቦ በሻይ ሆኖ ነበር፤ ስኳሩ ሦስት ማንኪያ። በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነበር የምትቀመጠው። ይህን ለማወቅ መጠየቅ ነበረብኝ፤ እናት ለልጇ ስለ ድርቀት አታወራም። እናንተም ጠይቁ። (አዲስ የመጣ፣ የማይለቅ ድርቀት ከሽታ አለመለየት ጋር ከተገናኘ ለሐኪም ይነገር፤ የፓርኪንሰን ሕመም ከመንቀጥቀጡ ከብዙ ዓመት በፊት እንዲህ ሊጀምር ይችላል።)

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይላል። ግራም የሚቆጥር ሰው በቤታችን የለም፤ የምንቆጥረው ዓይነቱን ነው። ባክቴሪያዎቹ ብዙ ጎሣ ናቸው፤ አንዱ የሚወደውን ሌላው አይነካም። ስለዚህ አንድን ምግብ ከማብዛት በሳምንቱ ውስጥ ብዙ ዓይነት ማዘዋወር ይሻላል። ለጥርስ አልባ ሰው የሠራልን እንዲህ ነው።

ጠዋት በሶ። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር አለው፤ በሶ ደግሞ ማኘክ አይጠይቅም። አንዳንድ ቀን የገብስ ቅንጬ፣ ለስልሶ የበሰለ፣ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ተበጥብጦበት። ምሳ ላይ እንጀራ። ጤፍ ቅንጣቷ ከማነሷ የተነሣ ተፈትጋ ስለማትለይ ከነቆዳዋ ትፈጫለች፤ ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ነጭነቱ ያማረ ነው፣ ባክቴሪያው ግን አይን የለውም። እንጀራው ላይ ሽሮ፣ ምስር፣ የተከካ ባቄላ፣ ደቆ የበሰለ ጎመን። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያ የሚወደው አሰር ስላላቸው ወጡ ላይ መሠሠት አያስፈልግም። ማታ ድንች ከተቀቀለ በኋላ ቀዝቅዞ ያደረ፤ የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ ከፊሉ ለእኛ የማይፈጭ፣ ለባክቴሪያው ግን የሚሆን ይሆናል። ዳቦና ሻይዋን አልከለከልኳትም። ስኳሩ አንድ ማንኪያ ተኩል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ በታች ድርድር የለም ብላኛለች።

ፍጥነቱን ጠብቁ። ጥራጥሬ በአንድ ጊዜ ያበዛ ሰው ሆዱ ይነፋና በሦስተኛው ቀን ሁሉን ይተዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ማንኪያ ብቻ ጨምሩ፤ ሆዱ ካልተቆጣ በሚቀጥለው ሳምንት እጥፍ። ባቄላና ሽንብራ ከሆነ ማታ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉ። በዚያ ላይ ውሃ መጠጣት አለ፤ ውሃ ካልተጠጣ አሰሩ ድርቀቱን ያባብሰዋል።

እርጎ በፍስክ፣ ስልጆ በጾም

በፈረንጆቹ 2021 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። 36 ጤነኛ አዋቂዎችን በሁለት ከፍለው ለአሥር ሳምንት አንደኛውን ቡድን አሰር የበዛበት፣ ሁለተኛውን እንደ እርጎ ያለ የተብላላ ምግብ መገቡ። የተብላላውን የበሉት በአንጀታቸው ያሉ የባክቴሪያ ዓይነቶች በዙ፤ በደማቸው ውስጥ ከብግነት (ከመከላከያ ሠራዊቱ ቁጣ) ጋር የሚያያዙ 19 ፕሮቲኖች ቀነሱ። በአሰሩ ቡድን ይህ አልታየም። ያጠኑት ብግነትን እንጂ ትዝታን አይደለም፤ ስለዚህ «እርጎ መርሳትን ያድናል» ብሎ የሚያወራ ሰው ከዚህ ጥናት አልወሰደውም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ሁለቱን አጣምሮ መብላትን ነው።

የእኛ የተብላላ ምግብ ብዙ ነው፤ ሕያው ሆኖ አፍ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው። እንጀራውም ቆጮውም በእሳት ያልፋል፤ ባክቴሪያው ምጣድ ላይ ይቀራል። አይብም ከሞቀ አሬራ ስለሚወጣ እንደዚያው ነው። ጠላና ጠጅ ለዚህ ጉዳይ አይቆጠሩም፤ አልኮል ለሚረሳ ሰው ስጦታ አይደለም። የሚቀሩን በተለይ እርጎና ስልጆ ናቸው።

እርጎ፦ ጥሬ ወተት አስቀምጦ ማርጋት የኖረ ልማድ ነው፤ እኔ ግን ለሽማግሌ አልመክረውም። ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፤ ብሩሴሎሲስ አንዳንዴ አንጎልን ጭምር ይነካል። ወተቱን አፍሉት። ጣታችሁን ነክራችሁ እስከ አሥር ስትቆጥሩ የማያቃጥል ሲሆን ለአንድ ሊትር ሁለት ሾርባ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ጨምራችሁ በጥብጡ። ዕቃውን አስቀድማችሁ በወይራ ጭስ ብታጥኑት ጣዕሙም ይሰምራል፣ ያልተፈለገውንም ተህዋስ ይቀንሳል። በጋቢ ጠቅልሉት። በደሴ ብርድ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ ቆላ ያላችሁ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ታገኙታላችሁ። ከላይ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ነገር ካያችሁበት ሳትቀምሱ ድፉት።

ስልጆ፦ ይህ የእናቴ ሙያ ነው፤ እኔ ጸሐፊዋ ብቻ ነኝ። ሱፉ ታጥቦ በትንሹ ይታመስና ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ከሚወጣው ነጭ ውሃ አራት ኩባያ ለአንድ ኩባያ የባቄላ ዱቄት። ዱቄቱን በቀዝቃዛው ውሃ በጥብጣችሁ እያማሰላችሁ እንደ ወፍራም ሽሮ አብስሉት፤ ጥሬ ባቄላ ሽታው እስኪጠፋ አትቸኩሉ። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ በውሃ የተለወሰ የሰናፍጭ ዱቄት፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ትንሽ ጤና አዳም፣ ጨው ይገባበታል። ሲሞቅ ከጨመራችሁት ሰናፍጩ ኃይሉን ያጣል፤ አብሮት የሚገባው የማብላያ ባክቴሪያም ይሞታል። በንጹሕ ማሰሮ ክዳኑን ሳታጠብቁ አስቀምጡት። በሦስተኛው ቀን መኮምጠጥ ይጀምራል፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ይደርሳል። ከዚያ በኋላ አታሙቁት። እናቴ በየምሳው ሁለት ማንኪያ ትበላለች። ጨዉ ግን ይታሰብ፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው አንድ ማንኪያ ይበቃዋል።

ካንሰር እየታከመ ላለ፣ የሰውነት መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ፣ ወይም የመከላከያ አቅሙ ክፉኛ ለወረደ ሰው ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ምግብ በቤት ተሠርቶ ከመስጠት በፊት ሐኪሙ ይጠየቅ።

ስለ ካፕሱሉ

እሸጠዋለሁ፤ ስለዚህ ይህን ስጽፍ ገቢዬን እየነካሁ ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአብዛኞቹ የአንጀት ሕመሞች እንኳ ፕሮባዮቲክን (ሕያው ባክቴሪያ የያዘውን ካፕሱል) አልደገፈም፤ ለመርሳትማ ጭራሽ የሚያበቃ ማስረጃ የለም። የአንድ ወር ካፕሱል ዋጋ በእኛ ቤት የሁለት ወር ምስር ይገዛል።

ደብተሩ

አሥር ሳምንት ስጡት፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። አለበለዚያ ምን እንደረዳ፣ ምን ሆድ እንደነፋ አታውቁም። እኔ በየቅዳሜው ማታ አራት ነገር እጽፋለሁ፦ በሳምንቱ ስንት ቀን ተቀመጠች፣ ሌሊት ስንቴ ተነሣች፣ ወጡ ላይ ጨው ተሳሳተች ወይ፣ ያለ ወረቀት ከላክኋት አምስት ዕቃ ስንቱን ይዛ ተመለሰች። አእምሮን የሚፈትን ጥያቄ አልጠይቃትም። አንድ ቀን «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብላት «የፈተና ወረቀቱን ደብቂው» አለችኝ።

ገጾቹን ሳገላብጥ ጨዉና ዕቃው የተስተካከሉት መርፌው ከተጀመረ በኋላ፣ ስልጆውና በሶው ከመምጣታቸው በፊት ነው። ምስጋናውን ለመርፌው እሰጣለሁ። አሚትሪፕቲሊኑ መነሣቱም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ማዕዱ የቀየረው ሌላውን ገጽ ነው፦ ከሳምንት ሁለት ቀን ወደ አምስት፣ ከሌሊት አራት መነሣት ወደ አንድ። እንቅልፍ ያላገኘ አንጎል ደግሞ ምን እንደሚሆን ለማንም መንገር አያስፈልገኝም።

ዘንድሮ በሁዳዴ መግቢያ ሱፍ ልገዛ ሰኞ ገበያ አብረን ወረድን። ክንዴን አልያዘችም። የምናውቃት ነጋዴ ጋር ስንደርስ ሱፉን በመዳፏ ዘግና አሽትታ ዋጋ ጠየቀች፤ ተከራከረች፤ ተስማማች። ብሩን ከቦርሳዬ ሳወጣ እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ» አለች፤ ከዚያ ወደ ነጋዴዋ ዞራ «የዛሬ ሁለት ዓመት ሁለት መቶ ብር ሰጥቼሽ መቶ ሃያ ብር መልሴ አንቺ ጋር ቀርቷል። ያን ጊዜ ታምሜ ነበር እንጂ ሞኝ አይደለሁም። ከዚህኛው ላይ ቀንሽልኝ።»